ክልል እህሌን «አይወጣም» ማለት ይችላል?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የኮምቦልቻ ነጋዴ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ከቆቦ ሽንኩርት ጭኜ ወደ ሎግያና ሰመራ እወስዳለሁ። ጤፍና ማሾ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ። ስመለስ ጨው፣ አንዳንዴም ፍየል ይዤ እመጣለሁ። መንገድ ላይ አንዱ ኬላ መሸኛ አምጪ ይለኛል። ሌላው ያለ ደረሰኝ ብር ይቀበላል። ሰሞኑን ደግሞ ‹ጤፍ ከዚህ እንዳይወጣ ደብዳቤ ተጽፏል› ተብሎ አይሱዙው ቆሞ አደረ። ክልል እንዲህ ማድረግ ይችላል? ይችላል ከተባለ አንድ አገር መሆናችን ምኑ ላይ ነው? አይችልም ከተባለስ የክልል ሥልጣን የሚባለው ምን ሊቀረው ነው?»

እህቴ፣ ሦስት ጥያቄ በአንድ ላይ ነው የጠየቁኝ። ከባዱ የመጨረሻው ስለሆነ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ።

አጭሩን መልስ በቅድሚያ ይውሰዱ። ክልል ስለ እህልዎ ብዙ ነገር ማለት ይችላል። ጥራቱን፣ ንጽሕናውን፣ የመጋዘኑን ሁኔታ፣ የንግድ ፈቃድዎን መጠየቅ ይችላል። «ከክልሉ ስለሚወጣ አይወጣም» ማለት ግን አይችልም። ይህንን የሚከለክል ሕግ አለ። ሽንኩርቱ ሳይበሰብስ ደርሶ የሚያስከብረው ነው የጠፋው።

ሕጉን እንየው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 የፌዴራል መንግሥቱን ሥልጣን ይዘረዝራል። ንዑስ አንቀጽ 12 በክልሎች መካከል የሚደረገውን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን ለፌዴራሉ ይሰጣል። የቆቦ ሽንኩርት ሎግያ ሲሸጥ በክልሎች መካከል የተደረገ ንግድ ነው። ወደ አዲስ አበባ ለሚሄደው ጤፍ «አዲስ አበባ እኮ ክልል አይደለችም» የሚል ጠበቃ አይጠፋም። እህሉ የክልሉን ወሰን አልፎ ከወጣ ግን ያ ክርክር ብዙ አያስኬድም። አንቀጽ 41 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በፈለገበት ቦታ፣ በመረጠው የኢኮኖሚ ሥራ የመሰማራት መብት አለው ይላል።

የሕገ መንግሥቱ መግቢያ ላይ «አንድ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ» ስለመገንባት የሚናገር ሐረግ አለ። ለጌጥ የገባ ነው ብለው የሚያልፉት አሉ። እኔ አልስማማም። ምክንያቱም ሐሳቡ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 6 ላይ ጥርስ አውጥቶ ተመልሶ ይመጣል። የፍትሐ ብሔር ሕግ በመርሕ ደረጃ የክልል ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት «ለአንድ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ያስፈልጋል» ካለ ግን ያንን ሕግ የተወካዮች ምክር ቤት ሊያወጣው ይችላል። የጋራ ገበያ የክልልን የሕግ ማውጣት ሥልጣን ሳይቀር ወደ ማዕከል ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው። ይህን ያህል ክብደት የተሰጠው ነገር ጌጥ አይደለም።

አንድ ክፍተት ግን አልደብቅዎትም። የአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ፣ አንቀጽ 92 ላይ፣ በክፍለ ግዛቶች መካከል ያለው ንግድ ፍጹም ነፃ ይሆናል ይላል። የእኛ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር የለውም። ለፌዴራሉ ሥልጣን ይሰጣል እንጂ ክልሎችን በቀጥታ «አታግዱ» አይልም። ስለዚህ አንዳንድ ባለሙያ ይከራከራል፤ ፌዴራሉ ስለ ጤፍ ዝውውር ዝርዝር ሕግ እስካላወጣ ድረስ ክልሉ ቢገባበት ምን ይከለክለዋል ይላል። መልሱ አንቀጽ 52 ላይ ነው ባይ ነኝ። ለክልል የሚቀረው ለፌዴራሉ ያልተሰጠው ሥልጣን ነው። የተሰጠ ሥልጣን ባለቤቱ ስላልተጠቀመበት ብቻ ለሌላው አይተላለፍም።

ነፃ ንግድ ማለት ቁጥጥር የሌለበት ንግድ ማለትም አይደለም። ማሾዎ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚገበያዩት ምርቶች አንዱ ነው። ቡናም የራሱ አዋጅ አለው። እነዚህ በፌዴራል ሕግ የመጡ ሥርዓቶች ናቸው። ሊያማርሩን ይችላሉ። ቢያንስ ግን ሥልጣኑ ካለው አካል፣ በነጋሪት ጋዜጣ ታትመው የመጡ ናቸው።

አሁን ወደ ኬላው እንውረድ። በእርስዎ መንገድ ላይ «ኬላ» የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ኮንትሮባንድ የሚፈትሽ የጉምሩክ ኬላ አለ፤ ይህ የፌዴራል ነው፣ ሕጋዊ ነው። የጸጥታ ፍተሻም አለ። ባለንበት ጊዜ ስለሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ መሣሪያ የሚፈልግ ሰው ግን የጤፍ ኩንታል ቆጥሮ ብር አይቀበልም። ጫኝና አውራጅ ነን ብለው ኩንታሉን ሳይነኩ ሒሳብ የሚጠይቁም አሉ። እሱ የሕገ መንግሥት ሳይሆን የፖሊስ ጉዳይ ነው። የእርስዎ ጥያቄ በትክክል የሚነካው አራተኛውን ዓይነት ነው። የወረዳ ወይም የከተማ አስተዳደር ገመድ ወጥሮ የማለፊያ የሚያስከፍልበትን፣ ወይም እህል እንዳይወጣ የሚያግድበትን ማለቴ ነው።

ስለ ገንዘቡ አንቀጽ 97ን ይመልከቱ። የክልሎችን የገቢ ምንጮች ይዘረዝራል። የግለሰብ ነጋዴዎች ግብር አለ፤ የመሬት መጠቀሚያ አለ፤ የክልል መሥሪያ ቤቶች ለሚሰጡት ፈቃድና አገልግሎት የሚከፈል ክፍያ አለ። «በወሰኔ ስላለፍክ» የሚል ግን የለም። በዝርዝሩ ያልተጠቀሰ ግብር ሲመጣ፣ ማን ይጣለው የሚለውን በአንቀጽ 99 መሠረት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ ይወስናሉ። ወረዳ ብቻውን አይወስንም። አንቀጽ 100 ደግሞ ሁለት ነገር ያክላል። ግብሩ በፌዴራልና በክልሎች መካከል ያለውን ግንኙነት የሚጎዳ እንዳይሆን፣ መጠኑም ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር የሚመጣጠን እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ ገንዘብ ሲጠየቁ የሚነሳው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ምን አገልግሎት ሰጥታችሁኝ ነው? መኪናው ከተማው ውስጥ ካደረና የተዘጋጀለት ማቆሚያ ካለ፣ ይክፈሉ። አስፋልቱን ይዞ ዝም ብሎ ካለፈ የሚከፈል ነገር የለም። ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶች ደግሞ ራሳቸው በፌዴራል ሥልጣን ሥር ናቸው።

«ደብዳቤ ተጽፏል» ስላሉት። ደብዳቤ ሕግ አይደለም። ክልል መብት ሊገድብ ከፈለገ ቢያንስ በምክር ቤቱ በወጣ አዋጅ፣ ወይም በአዋጅ በተፈቀደ ደንብ ነው። የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሺህ ኩንታል ቢያስቆምም የሕግ ጉልበት አያገኝም። ገርሞኝ የማያልቀው ነገር ቢኖር ይኸው ደብዳቤ ነው። ብዙውን ጊዜ ያስቆመዎት ልጅ ራሱ አላነበበውም።

እስካሁን ለእርስዎ ወግኜ ተናገርኩ። አሁን ደግሞ ደብዳቤውን ለጻፈው ሰው ልወግን፤ እሱም ዝም ብሎ አልጻፈውም። ጤፍ በከተማው ሲወደድ ሕዝቡ የሚጮኸው እሱ ላይ ነው። ክረምት እየገባ ነው፤ እህሉ በአይሱዙ ሲወጣ ያያል። በወሎ ደግሞ ይህ ፍርሃት ሥር አለው። በ1966ቱ ረሃብ ሰው እያለቀ እህል በደሴ በኩል አልፎ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ይህን ያነሳው ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ነው። እህልን በነፃ ልቀቀው ስንለው፣ ያ ኃላፊ በልቡ «ያኔስ ልቀቁት ተብሎ አልነበር?» ቢል አልፈርድበትም።

ግን የዚያን ታሪክ ቀሪም እንስማ። የሴን ክርክር እህሉ ስለወጣ ሕዝቡ ተራበ አይደለም። እህሉ የወጣው ገበሬውና አርብቶ አደሩ የመግዛት አቅም ስላልነበራቸው ነው ይላል። ምርቱ ጠፋ፣ ከብቱ አለቀ፣ እጁ ላይ ገንዘብ አልነበረም። ገንዘብ ያለው ሌላ ቦታ ስለነበር እህሉ ወደዚያ ሄደ። ኬላ ቢዘጋ የተራበው ሰው ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። የሚያስፈልገው ገንዘብና የመጠባበቂያ እህል ነው። የመጠባበቂያ እህል መጋዘን እዚያው ኮምቦልቻ መቀመጡም ለዚህ ነው።

የተዘጋ ኬላ ምን እንደሚያመጣም አይተነዋል። በደርግ ጊዜ እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንደ ልብ አይዘዋወርም ነበር። ገበሬው መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ኮታ ያስገባል፣ ነጋዴው ኬላ ላይ ይያዛል። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ያ ቀረ። ከዚያ በኋላ ትርፍ በሚያመርተውና እህል በሚጎድለው አካባቢ መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት ጠበበ። ለወሎ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወሎ በጥሩ ዓመት ይሸጣል፣ በክፉ ዓመት ይገዛል። ዛሬ እህሉ እንዳይወጣ የዘጋ ወረዳ፣ ነገ ዝናብ ሲቀርበት ከጎጃም የሚመጣውን እህል ማን ይዝጋበት?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። ገበያው የጋራ ነው ካልን ለክልሉ ምን ይቀረዋል? ይህን ጥያቄ እኛ ብቻ አይደለንም የምንጠይቀው። ሰሞነኛው የብሪታኒያ ክርክር ይኸው ነው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸውን ምክር ቤት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1998 በወጡ ሕጎች ነው። ያኔ የውስጥ ገበያ ማንንም አላሳሰበም። ሁሉም በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ታስረው ስለነበር ስለ ዕቃ የሚያወጡት ሕግ ከዚያ ብዙ ሊርቅ አይችልም ነበር። ብሪታኒያ ከኅብረቱ ስትወጣ ያ ማሰሪያ ተፈታ። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የውስጥ ገበያ ሕግ አወጣች። የስኮትላንድና የዌልስ ምክር ቤቶች አንፈቅድም አሉ። ሕጉ ግን ያለ ፈቃዳቸው ወጣ።

ሕጉ የቆመው በሁለት መርሆች ላይ ነው። በአንዱ ክፍል በሕግ የሚሸጥ ዕቃ በሌላውም ተጨማሪ መስፈርት ሳይጠየቅ ይሸጣል። ሌላው መርሕ ከሌላ ክፍል የመጣን ዕቃ ከአገሬው ዕቃ ለይቶ መበደልን ይከለክላል። ሲሰሙት ሁለቱም ደስ ይላሉ። የመጀመሪያው ግን ጣጣ አለው። ስኮትላንድ ጠንከር ያለ መስፈርት ብታወጣ የሚያስረው የራሷን አምራች ብቻ ነው። ከእንግሊዝ የሚመጣው ዕቃ በእንግሊዝ መስፈርት ይገባል። ታዲያ ምን ልፋት አለው? በ2023 (እ.ኤ.አ.) ይህ በጠርሙስ ላይ ታየ። ስኮትላንድ መጠጥ የገዛ ሰው ጠርሙሱን ሲመልስ መያዣውን የሚያገኝበት ሥርዓት ልትጀምር ነበር። የብርጭቆ ጠርሙስም ይካተት አለች። ለንደን ከሕጉ ነፃ የምናደርጋችሁ ብርጭቆውን ካወጣችሁት ነው አለች። የስኮትላንድ መንግሥትም ዕቅዱን አዘገየው። ለኛ የጠርሙስ መያዣ ብርቅ አይደለም፤ ባዶ ሳይዙ ሣጥን ቢራ የሚገዛ የለም። እዚያ ግን የሥልጣን ጥያቄ ሆነ።

ስለዚህ የክልል ሥልጣን በኬላ ብቻ አይደለም የሚበላሸው። «ገበያው አንድ ይሁን» በሚል ሰበብም ማዕከሉ ሁሉንም ጠቅልሎ ሊወስደው ይችላል። እኔ ከብሪታኒያው ሕግ ሁለተኛውን መርሕ ሳላመነታ እወስዳለሁ። የመጀመሪያውን ግን በጥንቃቄ ነው። አንድ ክልል ሻጋታ የያዘው ማሽላና ኦቾሎኒ ሕዝቤን እያሳመመ ነው ብሎ ጠበቅ ያለ የጥራት መስፈርት ቢያወጣ፣ ያውጣ። የራሱ ገበሬም፣ የሌላ ክልል ገበሬም እኩል ይጠየቁ።

አውስትራሊያዎች ለዚህ ጥሩ ፍርድ አላቸው። ታዝማኒያ የምትባለው ክፍለ ግዛት ከተወሰነ መጠን ያነሰ ሎብስተር እንዳይሸጥ ከልክላ ነበር። ሎብስተር ከባሕር የሚወጣ፣ ቅርፊት ያለው ውድ ምግብ ነው። አንድ ነጋዴ ከሌላ ክፍለ ግዛት፣ እዚያ በሕግ የተፈቀደውን ትንሹን ገዝቶ አመጣ። ተከሰሰ። ንግድ ፍጹም ነፃ ነው ተብሏል ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ለታዝማኒያ ፈረደ። ክልከላው ለአገሬውም ለመጤውም አንድ ነው፤ ዓላማውም ዘሩ ከባሕር እንዳይጠፋ ነው፤ የራስን ነጋዴ ለመጥቀም የተደረገ አድልዎ አይደለም አለ። ስለ ገበያና ስለ ክልል ሥልጣን ካነበብኩት ሁሉ ለኛ አገር የሚመቸኝ ሚዛን ይህ ነው። ደብዳቤዎን በዚህ ሚዛን ይመዝኑት። ጤፉ ኮምቦልቻ ገበያ ላይ ሲሸጥ ምንም አልተባለም። የተከለከለው ስለሚወጣ ብቻ ነው። ወደቀ።

ይህ ሚዛን ለክልሉ የሚተወው ትንሽ አይደለም። ባቲን ይውሰዱ። የሰኞ ገበያዋን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከተማዋ የምትገኘው በአማራ ክልል፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። ዞኑም የራሱ ምክር ቤት አለው። ትንሽ ወረድ ሲሉ አፋር ክልል ነው። ደገኛው እህል ይዞ ይወርዳል፤ አፋሩ ግመል፣ ፍየል፣ ቅቤና ጨው ይዞ ይወጣል። በድሮው ወሎ ይህ ሁሉ ባንድ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። ዛሬ በአንድ ገበያ ሁለት ክልልና አንድ የብሔረሰብ ዞን ይገናኛሉ። ገበያተኛው ያው ነው።

ባቲ ላይ የአካባቢው አስተዳደር የሚወስነውን አስቡት። ገበያው የት ይሁን? ለግመሉ ውኃ፣ ለሰው ጥላ ከየት ይምጣ? ሚዛኑን ማን ይፈትሽ? አቤቱታ በየትኛው ቋንቋ ይሰማ? ከሚሸጥ ፍየል ስንት ይከፈል፣ ገንዘቡስ ለምን ይዋል? ትምህርት ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ የመሬቱ አስተዳደር አለ። ሰው ራሱን በራሱ ማስተዳደሩ የሚታወቀው በእነዚህ ነው። በባቲና በሚሌ መካከል ገመድ መወጠር ለዚህ ሁሉ የሚጨምረው ነገር የለም። እንዲያውም ገበያው ከደከመ ዞኑ የሚያስተዳድረው ገቢም አብሮ ይደክማል።

አሁን፣ ተበድያለሁ ያለ ሰው የት ይሂድ? እዚህ ላይ ነው ሥርዓታችን የሚያነክሰው። ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጉዳዩን አስቀድሞ የሚያየው 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። በአዋጅ ቁጥር 798/2005 መሠረት፣ መብቴ ተጥሷል የሚል ሰው በቅድሚያ ጉዳዩን በየደረጃው ጨርሶ፣ ሥልጣን ካለው አካል የመጨረሻ ውሳኔ መያዝ አለበት። ከዚያ አጣሪው ያያል። ከዚያ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የውሳኔ ሐሳቡ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ይወስናል። የመጨረሻው እርከን ብቻ 30 ቀን! የቆቦ ሽንኩርት በዚያ ሙቀት ሳምንትም አይቆይም። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁም፣ ቁጥር 1183/2012፣ የሚያገለግለው በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ላይ ነው። ጉምሩክ ቢበድልዎት ይጠቅምዎታል፤ ወረዳ ቢበድልዎት አይደርስልዎትም።

የፌዴራሉንና የክልሎችን ግንኙነት የሚመራ አዋጅ በ2013 ወጥቷል፤ ቁጥሩ 1231 ነው። ባለሥልጣናት የሚነጋገሩበት መድረክ ይፈጥራል። ጥሩ ነው። ነጋዴ ግን እዚያ ወንበር የለውም። ሕገ ወጥ ኬላ ይነሳ የሚል ትእዛዝም ከፌዴራል መንግሥት በየጊዜው ሰምተናል። የተነሳው ኬላ ደግሞ በሌላ መታጠፊያ ላይ ይበቅላል።

እኔ ብጠየቅ የምመክረው አዲስ ሕገ መንግሥት አይደለም። አንድ ትንሽ ነገር ነው። በክልሎች መካከል ያለውን ዝውውር የሚነካ ማንኛውም ደንብ ከመሥራቱ በፊት ለፌዴራሉ የንግድ ሚኒስቴር ይላክ፤ ለሕዝብም ይታተም። ያልታተመ ክልከላ ኬላ ላይ አይሠራም ይባል። ከዚያ ነጋዴው የሚጠይቀው «የታተመው የታል?» ብቻ ይሆናል። ኬላ ማንሳትም አይቻልም የሚለኝ ሰው ህንድን ይመልከት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2017 የሸቀጦችና አገልግሎቶች ታክሱን አንድ ስታደርግ፣ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ወሰናቸው ላይ የነበረውን የታክስ ኬላ ወዲያው አነሱ። ያነሱት ስለተለመኑ አይደለም። ታክሱ የሚሰበሰብበት መንገድ ስለተቀየረ ኬላው ሥራ ፈታ። የኛም ወረዳ የበጀት ቀዳዳውን በገመድ መድፈኑን እንዲተው ከተፈለገ፣ ቀዳዳው በሌላ መንገድ መደፈን አለበት። ይህን ሳያነሱ ኬላ ይነሳ ማለት ከንቱ ነው።

እስከዚያው እርስዎ ምን ያድርጉ? ኬላ ላይ አይጣሉ። በየትኛው አዋጅ፣ በየትኛው ደንብ እንደሚጠየቁ በትህትና ይጠይቁ። ሾፌሩም ረዳቱም ይህችን ጥያቄ ይልመዱ። ከከፈሉ የመንግሥት ገቢ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ እምቢ ካሉ ቦታውን፣ ሰዓቱንና የተከፈለውን መጠን በደብተር ይያዙ። ብቻዎን አይክሰሱ። የአንድ ነጋዴ አቤቱታ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። የብዙ ነጋዴዎች ደብተር ተሰባስቦ በንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት በኩል ለክልሉ ንግድ ቢሮ፣ ግልባጩ ለሚኒስቴሩ ሲገባ ግን መልስ መስጠት ግድ ይሆናል። የጽሑፍ መልሱ ክልከላ ቢሆን እንኳ ይጠቅማል፤ ወደ አጣሪ ጉባኤው ሲሄዱ የሚያስፈልግዎት የመጨረሻ ውሳኔ መነሻው ያ ወረቀት ነው።

የፍየሎቹ ነገር ለየት ይላል። የቁም እንስሳት ግብይት በአዋጅ ቁጥር 819/2006 የሚመራ ነው፤ ግዢው በተፈቀደ ገበያ እንዲሆን ይፈልጋል። የጤና ወረቀት ሲጠየቁም አይከራከሩ። በሽታ የክልል ወሰን አያውቅም፤ ያ ቁጥጥር ከላይ ባልኩት ሚዛን ያልፋል። ባቲ ሲገዙ የገበያውን ደረሰኝና የእንስሳት ሐኪሙን ወረቀት አንድ ላይ አድርገው ለሾፌሩ ይስጡት።